አውርጂኝ ያሉኝ ቀን

የባለቤቴን እናት ፈረስ ላይ ሰቅዬ፣ «አውርጂኝ» ሲሉኝ አላወረድኳቸውም። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ተናግሬውም ጽፌውም አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ቤቴ ይመጣሉ፤ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሰው ማማቴን፣ ከጎረቤት መኳረፌን፣ በሕመም አሳብቤ ጾም መሻሬን ይሰሙኛል። ከዚያ «ሌላስ የሚከብድሽ የለም?» ይላሉ። «የለም አባቴ» እላለሁ። መስቀል አሳልመውኝ ይሄዳሉ። ይህን ሠላሳ ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ብዙ መናገር አልወድም። ሰው ዝምታዬን አይቶ ጨዋ ናት ይለኛል። እኔ ግን ዝም የምለው ከጨዋነት ይሁን ከፍርሃት ራሴም ለይቼ አላውቅም።

የባለቤቴ እናት እመት አንጓች ይባሉ ነበር። አገራቸው ከቡሬ በስተምዕራብ፣ ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ያለ ገጠር ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ፣ እንደ አገራችን ልማድ የቤት ስም ያወጡልኝ እሳቸው ነበሩ። «አለኝታ» አሉኝ። እስከ ሞታቸው በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። እኔም እመይቴ እላቸው ነበር።

ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶት ለሕክምና ወደ እኛ መጡ። አንዱ ዐይናቸው በራ፤ አንዱ እንደ ነበረ ቀረ። ባለቤቴ ስመኘው መምህር ነበር። ሕክምናው ካለቀ በኋላ እናቱን አልለቅም አለ። «ከእንግዲህ የትም አትሄጅም እማ። የምቀብርሽ እኔ ነኝ» አላቸው። እሳቸውም ሳቁና «እሽ፣ ቶሎ በይ ብለህ እንዳታጣድፈኝ ብቻ» አሉት። ሰባት ወር ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ክፉ አማት ቢሆኑ ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አልነበሩም። ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጡና አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ። የጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «እማማ እንዴት አደሩ» ሳይሏቸው አያልፉም። ከሥራ ስመለስ ገና ከሩቅ በአንድ ዐይናቸው ይለዩኝና «ደከመሽ አለኝታዬ?» ይሉኛል። በየቀኑ። ሳልገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ደከመሽ?» ይህ ጥያቄ ምን ክፋት አለው? ሌላዋ ምራት ብትሆን የምትመረቅበት ቃል ነው። እኔን ግን አነቀኝ። ወደ ገዛ ቤቴ ስገባ የሚያየኝ ዐይን መኖሩ አነቀኝ። ማታ ሲያስሉ፣ ንጋት ላይ ሲጸልዩ፣ ልብሴን ስቀይር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩልኝ፣ ሁሉም ያንቀኝ ጀመር። ለማንም አላወራሁም። ባወራው ኖሮ ምናልባት ተንፍሶ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ያዝኩት።

በክረምቱ ስመኘው ለሁለት ወር ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደ። በሐምሌ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ አንድ የሥራ ባልደረባው ይዞልኝ መጣ። እመት አንጓች ከዱካቸው ሳይነሱ «የልጄ ነው? አንብቢልኝ እስቲ» አሉ። ማንበብ አይችሉም ነበር።

ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። «እናቴን አደራ። ዐይኗ እንዳይታመም ጢስ አታስነኪያት። ዝናብ ሲሆን በር ላይ አትቀመጥ። ስመለስ ጋቢ አመጣላታለሁ።» ይኸው ነው። እኔ በዐይኔ ይህን እያየሁ በአፌ ሌላ አነበብኩ። «እናቴን አገር ቤት አድርሽልኝ። ቤቱ ጠቧል። እኔ እስክልክባት እዚያው ትቆይ» ብዬ አነበብኩ። አስቀድሜ አላሰብኩበትም ማለት እችላለሁ፤ ግን ያላሰቡት ነገር እንዲያ ሳይደናቀፍ ይወጣል? ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነበር ያነበብኩት።

«ቤቱ ጠቧል አለ?» አሉኝ።

«አዎ እመይቴ።»

«እንዲያ ብሎ ጻፈ?»

«እንዲያ ብሎ ጽፏል።»

ቤቱን ዞር ብለው አዩት። «እውነቱን ነው። ጠቧል» አሉና ልብሳቸውን ሊያሰናዱ ተነሡ። ደብዳቤውን ያኔውኑ እሳት ውስጥ ጣልኩት። ዛሬ የስመኘውን ቃል የሚመሰክር ወረቀት የለም። ከእኔ በቀር የሚያውቅም የለም።

ይህን ያደረግሁት እናትና ልጅ እንደማይጠያየቁ ስለማውቅ ነው። እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ የሚብሰው። በእኛ አገር እናት ልጇን «ለምን አባረርኸኝ?» ብላ አትጠይቅም፤ መጠየቁ ልመና ነው። ልጅም እናቱን «ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?» አይላትም፤ መጠየቁ ክስ ነው። ቅያሜ በሰው በኩል፣ በዙሪያ በዙሪያ፣ ስሙ ሳይነሣ ነው የሚነገር። እኔ ደግሞ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የት ቦታ ዝም እንደሚሉ አውቅ ነበር። በዚያ ዝምታ መካከል ውሸቴን አስቀመጥኩት፤ ማንም አልነካውም።

በገበያ ቀን ቡሬ ድረስ በመኪና ወሰድኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያኔ መኪና አይሄድም። አያ ደሴ የሚባል የአገራቸው ሰው በርበሬውን ሸጦ ባዶ ፈረሱን ይዞ ሲመለስ አገኘን። እመት አንጓች ፈረሱን ባዩ ጊዜ «በእግሬ ብሄድ አይሻልም?» አሉ። የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ጭቃ፣ አንድ ዐይን። «አይሆንም» አልኳቸው። በልጅነታቸው በቅሎ ላይ ተቀምጠው ያደጉ ሰው ናቸው፣ አይከብዳቸውም ብዬ ለአያ ደሴ ነገርኩት።

ድንጋይ ላይ አቆምናቸው። አያ ደሴ ከብብታቸው ያዘ፤ እኔ እግራቸውን ያዝኩ። እግራቸው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኮርቻውን አልሻገር አለ። «ቆይ ቆይ ልጄ፣ ወገቤን» አሉ። አልቆየሁም። ገፋሁት። አንድ ነገር ቀጭ ሲል በእጄ ተሰማኝ፤ ኮርቻው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እርካቡ ለአያ ደሴ እግር የተለካ ስለሆነ እሳቸው ጋ አልደረሰም። አያ ደሴ ሊያሳጥረው ሞከረ፤ ዝናብ የጠጣው ጠፍር አልፈታ አለው። «ይሁን፣ ይመሻል፣ እንሂድ» አልኩት። እግራቸው ተንጠለጠለ። እንዳይወድቁ ብዬ በነጠላዬ ወገባቸውን ከኮርቻው ጋር አሰርኩት። እንዳይወድቁ ብዬ ነው? ወይስ እንዳይወርዱ?

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ «አለኝታዬ፣ አውርጂኝ» አሉ። «ደርሰናል እመይቴ» አልኳቸው። አልደረስንም። የመንገዱን ሲሶ እንኳ አልሄድንም።

መንገድ ዳር ካለ አንድ ዋርካ ስንደርስ ጎንበስ ብለው፣ አያ ደሴ እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣ «ሽንቴ ነው። እባክሽ አውርጂኝ» አሉኝ። ልጓሙን ይዞ ፊት ፊት የሚሄደው አያ ደሴ ዞር ብሎ «ምን አሉ?» አለኝ። «ምንም። ደኅና ነኝ ነው ያሉት። ንዳው» አልኩት። በዚያች ሰዓት ልቤ ያለውን አስታውሳለሁ። ካወረድናቸው ተመልሰው አይወጡም። ካልወጡ ደግሞ ለቡሬ ነው የምንቀርበው። ወደ ቡሬ ከተመለስን ወደ ቤቴ ይመለሳሉ። ይህን በልቤ አስልቼ ነው «ንዳው» ያልኩት።

ሦስተኛው ጊዜ አልተናገሩም። ከጎናቸው በእግሬ እየሄድኩ ነበር፤ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫን አደረጉ። ጫን፣ ደግሞ ጫን። እኔ ራሴን አዘነበልኩና ከእጃቸው ሥር ወጣሁ። ኮርቻው እርጥብ እንደነበር ያየሁት ስንደርስ ነው። ዝናቡ ሸፍኖላቸዋል። እኔን ግን አልሸፈነኝም፤ ሽታው ነጠላዬ ላይ ነበር።

ይታይሽ የስመኘው ታናሽ እህት ናት። እዚያው የወላጆቿ ቦታ ላይ ባል አግብታ ልጆች ወልዳ ትኖራለች። እናቷን ስታይ እየሮጠች ወጣች። «ምነው? ምን ሆና ነው?» አለችኝ። «አገሬ ናፈቀኝ ብለው እንቢ አሉኝ» አልኳት። እመት አንጓች ፈረሱ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። አዩኝ። ከዚያ «አዎ፣ ናፍቄ ነው» አሉ። ሲያወርዷቸው እግራቸው አልገጠመም። እንደ ተከፈተ ቀረ። ተሸክመው መደብ ላይ አጋደሟቸው።

ከሰው ተለይተን ስንቀር እጄን ሳብ አድርገው ያሉኝን ልጻፈው። «እግዜር ይስጥሽ። ልጄን በሰው ፊት አላዋረድሽብኝም» አሉኝ። የልጃቸውን ጥፋት የሸፈንኩ መስሏቸው ነው። ለውሸቴ ተመረቅሁ። ምርቃቱን ተቀብዬ በማግሥቱ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስመኘው ሲመጣ ለእሱም ነገርኩት። «አገሬ ናፈቀኝ አሉ። ብለምናቸው እንቢ አሉኝ» አልኩት። ጋቢውን ይዞ ነበር። ጋቢውን ይዞ ሊያያቸው ሄደ። በደንብ ተቀበሉት፣ ባረኩት፤ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የተኙት። ተመልሶ «ምን በድያት ይሆን?» አለኝ። «የእርጅና ነገር ነው» አልኩት። አንድ ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ «ልጅዎ ያጠፋው ቢኖር ይቅር ይበሉት» ቢሏቸው፣ «እኔ በልጄ ምን ቅያሜ አለኝ? ይባረክ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ታረቀ ብለው መጡ። ምኑ ታረቀ? ስሙ ሳይነሣ ምን ይታረቃል?

እመት አንጓች ከዚያ ቀን ወዲያ በእግራቸው አልቆሙም። ዳሌያቸው ነው አሉ። ሁለት ዓመት ይታይሽ አገላበጠቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ሞቱ። ኋላ ይታይሽ ራሷ እንዳጫወተችኝ፣ ከመሞታቸው በፊት ስለ ደብዳቤው ነግረዋት ኖሯል። «ቤቱ ጠቧል ብሎ ጻፈ። እንዳትጠይቂው ግን» ብለዋት ኖሯል። እሷም አልጠየቀችውም። ዝም ብላ ጠላችው። ሰርግ ስትጠራ አትመጣም፤ ሲታመም አትጠይቅም። ስመኘው ለምን እንደ ተጠላ ሳያውቅ ኖረ። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተ። በሚሞትበት ሰሞን «እናቴ ምን እንዳስቀየምኳት ብነግራት ብትነግረኝ» እያለ ቃሉን ያምታታ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። መናገር አልቻልኩም ነበር? እችል ነበር። አፍ ነበረኝ።

ይታይሽ ለቀብሩ መጣች። እህት ለወንድሟ ሙሾ ታወርዳለች፣ ደረቷን ትደቃለች፤ በእኛ ዘንድ የእህት ልቅሶ ከሁሉ በፊት ይሰማል። እሷ ግን ቆመች። ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም። ሰዉ ሁሉ አየ። ግብዓተ መሬቱ እንዳለቀ ወደ አገሯ ተሳፈረች።

ዘንድሮ መንገድ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ይታይሽ በጠና ታማለች ሲባል ሰማሁ። ወንድሟን እንደ ጠላች ልትሞት ነው ብዬ ፈራሁ። እሷ ከሞተች በኋላ ብናገር ለማን እናገራለሁ? መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር ተነሣሁ። ልጄ ተቆጣኝ። እኔ ግን ሄድኩ። ከቡሬ በባጃጅ ተሳፈርኩ፤ ዛሬ ጥርጊያ መንገድ አለ። ግን የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፤ ባጃጁ እዚያ አውርዶኝ ተመለሰ። የቀረው መንገድ በፈረስ ነው። ጌቴ የሚባል የሠፈራቸው ገበሬ፣ ከእኔ ልጅ የማያንስ ጎልማሳ ነው፣ መንገደኛ ለማድረስ ፈረሱን ይዞ እዚያ ቆሞ አገኘሁት።

በዚህ ዕድሜ ፈረስ ላይ መውጣት ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ጌቴና አንድ መንገደኛ ከብብቴ ያዙኝ፤ እግሬ እኩሌታ ላይ ቆመ። ዳሌዬ ያን ያህል አይከፈትም። ጌቴ አልገፋኝም። «ቀስ፣ ቀስ እማማ፤ ፈረሱ ይጠብቃል» አለ። ኮርቻው ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ አነጠፈልኝ። እርካቡን በእግሬ ልክ አሳጠረው።

«በጉልበትዎ ያዙት እንጅ፤ ፈረስ በእጅ አይያዝም» አለኝ።

«ጉልበት ከየት አባቴ ላምጣ?» አልኩት።

«እንግዲያ በጸሎት ይያዙት» አለና ሳቀ።

በጸሎት አልያዝኩትም። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ ጭኖቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ፈረስ ላይ መቀመጥ መቀመጥ አይደለም፤ በጭን ቆሞ መዋል ነው። ቁልቁለት ሲሆን ሰውነቴ ወደ ፊት ይወርዳል፤ በእጄ የኮርቻውን ፊት ገፍቼ ራሴን እይዛለሁ፤ ክንዴ ይዝላል። ዳገት ሲሆን ወደ ኋላ እጎተታለሁ፤ ወገቤ ሊበጠስ ይደርሳል። ፈረሱ በረገጠ ቁጥር አከርካሪዬ ውስጥ ይገባል። ከሁሉ የከፋው ግን ሕመሙ አይደለም። መውረድ አለመቻል ነው። መሬቱ እዚያው ነው፤ ሁለት ክንድ አይሞላም። ግን ሰው ካላወረደኝ አልደርስበትም። ፈቃዴ ሁሉ ልጓሙን በያዘው ሰው እጅ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረው እመት አንጓችን እዚያ ላይ አስሬ ከጎናቸው በእግሬ ሄጃለሁ። በእግሬ! ድካሙ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

«አውርደኝ ልጄ» አልኩት ጌቴን።

«ላወርድዎትስ ባወረድኩዎት፤ ማን መልሶ ይሰቅልዎታል? ብቻዬን እኮ ነኝ እማማ። ትንሽ ይቻሉት» አለኝ።

እሱ እውነቱን ነው። ክፋት የለበትም። ፈረሱን አቁሞ፣ ክንዴን ትከሻው ላይ አስደግፎ፣ እርካቡ ላይ እንድቆምና ወገቤን እንዳሳርፍ አደረገኝ። ሁለት ጊዜ እንዲህ አሳረፈኝ። እንዲያም ሆኖ ደርሼ ሲያወርዱኝ እግሮቼ አልገጠሙም። እመት አንጓች እርካብ አልነበራቸውም፤ እግራቸው ተንጠልጥሎ ክብደታቸው ሁሉ በዳሌያቸው ላይ ወድቆ ሦስት ሰዓት ሄደዋል። ይህን ሳስብ ያለቀስኩ መስሏችሁ እንዳትራሩልኝ። አላለቀስኩም።

ይታይሽ ድና ኖሯል። በሩ ላይ ቆማ «ሞተች ብለሽ መጣሽ? ለተዝካር ነው የቸኮልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አቅፋ አስገባችኝ። መደቡ ላይ አጋደመችኝ፤ ያው መደብ ነው። ውኃ አሙቃ ጨው ጨምራ ጭኔንና ወገቤን አሸችኝ። በቅቤ አሸችኝ። ሦስት ቀን ከዚያ መደብ አልተነሣሁም። ለመሽናት እንኳ ደግፋ ታወጣኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሳልደርስ ቀረሁ። «ምን አለበት፣ እናቴንም እንዲህ ነበር የማደርጋት» አለችኝ።

የሄድኩት ለመናገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ደከመኝ አልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት «ስመኘው እኮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን ተይው» አለችኝ። እጇ ከወገቤ አልተነሣም። «የሞተ ሰው አላማም። ግን እናቴን በክረምት ፈረስ ላይ ያስጫነ ልጅ ነው። አንቺ ምን በደልሽ? አንቺማ ሦስት ሰዓት ሙሉ በጭቃ ከጎኗ ሄደሽ ያደረስሻት ነሽ። ነጠላሽን ፈተሽ ደግፈሻታል። ይህን መቼም አልረሳልሽም።»

ይህን አለችኝ። ያሰርኩበትን ነጠላ መደገፊያ ነው ብላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስታመሰግነኝ ኖራለች። እኔስ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። እጇ ሞቃት ነበር፤ ከተናገርኩ እጇን ታነሣለች ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። መነሣት አልችልም፣ ብታባርረኝ በእግሬ መውጣት አልችልም፣ ፈረስ ላይ የምትሰቅለኝም የምታወርደኝም እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ነገ አልኩ። በአራተኛው ቀን ፈረሱ መጣ። ይታይሽ ከበሽታ የተነሣች ሴት፣ ባጃጁ እስኪገኝ ድረስ በአንድ በኩል ጭኔን ደግፋ በእግሯ ሸኘችኝ። «አይዞሽ፣ ደርሰናል» ትለኝ ነበር። እሷ ስትለው እውነት ነበር።

ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤቱ ጠቦ ነበር አልልም፤ ከዚያ ወዲያ በዚያው ቤት ሦስት ልጅ አሳድገንበታል። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም አልልም፤ «ወገቤን» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእመት አንጓችን እግር የገፋሁ እኔ ነኝ። «ንዳው» ያልኩ እኔ ነኝ። ስመኘውን በእናቱ፣ እናቱን በስመኘው ያስቀየምኩ፣ አሁን ደግሞ አፌን ከፍቼ የዘጋሁ እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ቀኖና ይሰጡኛል፤ የሚሰጡኝን እፈጽማለሁ። ያ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ያለ ነው። ይታይሽ ግን በመካከሉ የለችበትም፤ ስለዚህ ይህን ደብተር ቡሬ መምህር ለሆነችው ሴት ልጇ እልካለሁ። ልጇ ቁጭ ብላ ታንብብላት፤ አንድም ቃል አትዝለል።

ይታይሽ፣ ወንድምሽ «ቤቱ ጠቧል» አላለም። «እናቴን አደራ» ነው ያለው። ዐይኗን ጢስ እንዳይነካት፣ ዝናብ እንዳያገኛት ነው የጻፈው። ጋቢ ሊያመጣላት ነው የጻፈው፤ አምጥቶላታልም፤ በዚያ ጋቢ እንደ ገነዝሻት አውቃለሁ። እናቱን ቤቱ ጡሮ ሊቀብር የተመኘ ልጅ ነበር፤ እኔ ከለከልኩት። እኔን ይቅር በይ አልልሽም። ደጄን ብትረግሚ፣ ስሜን ባትጠሪ፣ የሰጠሽኝን ምስጋና ሁሉ መልሰሽ ብትወስጂ ያንቺ ነው። ነገር ግን የወንድምሽ መቃብር እዚህ ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ወይራው ሥር። ስድስት ዓመት የእህት ድምፅ አልሰማም። ነይና አልቅሽለት።